ጣውንቷ ለጨረታ ቀረበች

ልብስ ሰፊዋ ነጯን ፒክአፕ «ጣውንቴ» ማለት ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት አልፏል። ባሏ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ ጠዋት ከቤት ሲወጣ የሚያስበው ስለ ፒክአፗ፣ ማታ ሲገባ የሚያወራው ስለ ፒክአፗ። ዛሬ አስነጠሳት፣ ዛሬ ፍሬኗ ጮኸ፣ ዛሬ አዲስ ጎማ አደረገች። አንዴ ልብስ ሰፊዋ ትኩሳት ይዟት ብትተኛ ግንባሯን ዳሰስ አድርጎ፣ «ግለሻል፣ ውሃ ጎድሎሽ እንዳይሆን» ብሏታል። ይህን ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ስቃበታለች። ሰውየው ግን አልሳቀም፤ የምሩን ነበር።

እንግዲህ ይህችው ጣውንት ለጨረታ ቀረበች። ሾፌሩ በወሩ መጨረሻ ጡረታ ሊወጣ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም እሱን ሲሸኝ እሷን ሊሸጥ ወሰነ። በግቢው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ግልጽ ጨረታ፣ በሚቀጥለው ወር በአምስተኛው ቀን፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት። ባልና ሚስት ቀኑን አይተው ደስ አላቸው። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ መጫረት አይፈቀድለትም፤ በአምስተኛው ቀን ግን ሾፌሩ ጡረተኛ እንጂ ሠራተኛ አይደለም። እንደ ማንኛውም ሰው ገብቶ ይጫረታል።

ሐሳባቸው ግልጽ ነበር። እሷ ለአምስት ትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ ልብሱን በሰው መኪና እያስጫነች ስለምታደርስ ትርፏን ኪራይ ይበላዋል። ፒክአፗ የእነሱ ብትሆን ልብሱን እሱ ያደርሳል፣ በተረፈው ጊዜ የሰፈሩን ዕቃ ያመላልሳል። ባትሆን ግን ሰውየው በዚያች ሚጢጢ ጡረታ ቤት ተቀምጦ ከግድግዳ ጋር ሊፋጠጥ ነው። ለዚህ ብላ ከሁለቱ የስፌት መኪናዎቿ አንዱን ሸጠች። ሲወስዱባት አላለቀሰችም፤ ብቻ ፊቷን አዙራ እጇ ላይ ያለውን መቀስ ስትፈልግ ቆየች።

የመጀመሪያውን ጥፋት ያጠፋው ራሱ ሾፌሩ ነው። ተጫራቾች መኪናዋን የሚያዩበት ቀን ቅዳሜ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሊገዛ የፈለገውን ዕቃ አቧራ አልብሶ፣ ጎማውን አስተንፍሶ፣ «ይቺ እንኳ አልቆላታል» እያለ ያስወራባታል። እሱ አርብ ከሰዓት በኋላ እጅጌውን ሰብስቦ አጠባት። አጥቦም አልተዋት፤ ወንበሯን በብሩሽ ፈተገ፣ መስተዋቷን በጋዜጣ ወለወለ፣ በሯ ላይ የነበረችውን ጭረት በቀለም ሸፈነ፣ ጎማዋን ጥቁር ቀባ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤናም የለህ?» አለችው ልብስ ሰፊዋ ስትሰማ። «ልትገዛት ነው ወይስ ልትድራት?»

«ታዲያ ሰው እያያት ቆሽሻ ትቁም? አሥራ ስምንት ዓመት የነዳኋት እኔ ነኝ፣ ስሜ ነው የሚነሣው» አለ።

ቅዳሜ ዕለት ሊያያት የመጣው የምክትል ኃላፊው የሚስት ወንድም ነበር። የግቢው ሰው «ሽቶው» ይለዋል፤ እሱ ሳይደርስ ሽታው ይደርሳል፣ እሱ ከሄደም በኋላ ሽታው ይቆያል። እስከዚያች ቀን ድረስ ፒክአፗን በእግሩም ነክቷት አያውቅም። አሁን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ሾፌሩን አስነሣልኝ ብሎ ሞተሯን ሰማ፣ በመስተዋቷ ጸጉሩን አስተካክሎ ሄደ። ሰኞ ጠዋት በማስታወቂያው ላይ ሌላ ወረቀት ተለጠፈበት። ጨረታው ወደዚህ ወር ሃያ ስድስት ተቀይሯል ይላል። ሾፌሩ ጡረታ ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ምክንያት አልተጻፈም። ምክንያት የሚጽፈው ጠያቂ አለብኝ የሚል ሰው ነው፤ እነዚህ ዓይናቸውን በጨው አጥበው የወጡ ናቸው።

ስለዚህ መመዝገቡ በልብስ ሰፊዋ ላይ ወደቀ። ለመመዝገብ መጀመሪያ የጨረታ ሰነድ መግዛት ነው፤ የሰነዱ ዋጋ አይመለስም። ከዚያ መታወቂያ፣ ከዚያ የጨረታ ማስከበሪያ። መዝጋቢው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ቀጭን ሰው ነው፤ የሸሚዙን የመጨረሻ ቁልፍ ሳይቀር ቆልፎ፣ እስክሪብቶዎቹን በቁመታቸው ደርድሮ ይቀመጣል።

«የመታወቂያዎ ኮፒ ማኅተም የለውም፣ እናቴ» አላት።

ማኅተም አስመትታ ተመለሰች።

«ማስከበሪያውን በጥሬ ገንዘብ አንቀበልም። ባንክ የመሰከረለት ቼክ ነው የሚያስፈልገው።»

ባንክ ሄዳ፣ ወረፋ ጠብቃ፣ ቼኩን አሠርታ ተመለሰች። መዝጋቢው ቼኩን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው።

«የመሥሪያ ቤታችን ስም አንድ ቃል ጎድሎታል።»

«ልጄ፣ እኔን ማመላለስ ምን ይጠቅምሃል?» አለችው። እግሯ አብጦ ከጫማዋ አልወጣ ብሎ ነበር።

«ምንም አይጠቅመኝም። ስሕተት ያለበት ሰነድ በጨረታው ቀን ውድቅ ይደረጋል። ያን ቀን ከሚያለቅሱ ዛሬ እግርዎ ቢደክም ይሻላል።»

ይህን እንደ ምክር አልቆጠረችውም። ምክትል ኃላፊው መንገድ ላይ ያስቀመጠላት ድንጋይ መሰላት፤ በሆዷ ያላለችው ነገር የለም። በሦስተኛው ቀን ቼኩን አስተካክላ ስትመጣ ደግሞ ሌላ አነሣ።

«ባለቤትዎ እዚህ ሾፌር ናቸው። አንቀጽ ስድስትን አንብበዋል?»

«አንብቤዋለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ መጫረት አይችልም ይላል። እኔ የማን ሠራተኛ ነኝ?»

መዝጋቢው አንቀጹን አውጥቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ደግሞ አነበበው። «ሠራተኛ ነው የሚለው። ሚስት አይልም» አለና በመዝገቡ አስፈርሟት ሰባት ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ሰጣት። በጨረታው ላይ ዋጋ የሚጨምር ሰው ካርቶኑን ከፍ ያደርጋል፤ ካርቶን የሌለው ቢጮህም አይሰማም።

ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ ስትገዛ ገልብጣ ሳታይ አትወስድም። ገንዘብ ከፍላበታለችና ሰነዱንም እንደዚያው ገለበጠችው፤ ከአንድ እስከ አሥራ ስምንት ያለውን አንቀጽ፣ ግርጌ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ሳይቀር አነበበች። ባሏም በበኩሉ የሚያስረክበውን ይጽፍ ነበር። አራት ገጽ፣ በዚያ በተስተካከለ የእጅ ጽሑፉ፦ የጎማዎቹ ዕድሜ፣ የተቀየረው ቀበቶ፣ የቀኝ መስኮት እጀታ ላልቷል፣ ምንም አልቀረውም።

በሃያ አምስተኛው ቀን መኪናዋን አስረከበ። ምክትል ኃላፊው በስልክ እያወራ በአራቱም ገጽ ግርጌ ፈረመ። አንድ መስመር አላነበበም። ስልኩን ሲዘጋ ግን የሚናገረው አላጣም።

«ስማ፣ ሚስትህ ተጫራች ናት። ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ወደ መኪናዋ እንዳትጠጋ። እጅህ እንዳይነካት። ትእዛዝ ነው።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ሾፌሩ። አሥራ ስምንት ዓመት ሲለው የኖረው ቃል ነው።

በማግሥቱ አሥራ አራት ተጫራቾች አዳራሹ ውስጥ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ምክትል ኃላፊው በሰብሳቢነት፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት በግራና ቀኙ፣ መዝጋቢው ቃለ ጉባኤውን ይዞ በጠረጴዛው ጫፍ። መነሻ ዋጋው መቶ ሃምሳ ሺህ ተባለ፤ ጭማሪው በአምስት በአምስት ሺህ። መቶ ሰባ ሲደርስ መኪና ነጋዴዎቹ አንድ በአንድ ካርቶናቸውን ጭናቸው ላይ አስተኙ። መቶ ሰማንያ አምስት ላይ የቀሩት ልብስ ሰፊዋና ሽቶው ብቻ ነበሩ።

እሷ የቆረጠችው ሁለት መቶ ነው። ከዚያ በላይ የላትም። ሽቶው ሁለት መቶን ቀደማት። አምስቱ ሺህ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቅ ሰባት ቁጥርን አነሣች።

«ሁለት መቶ አምስት። አንድ ጊዜ።»

ሽቶው ፈገግ ብሎ ካርቶኑን ወንበር ላይ አስቀመጠ።

«ሁለት ጊዜ። ሦስት ጊዜ።»

አሸነፈች። የሽቶው ፈገግታ ግን አልጠፋም፤ የተሸነፈ ሰው እንዲህ አይስቅም። ምክትል ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቁጥር ሰባት፣ የእኛ ሾፌር ሚስት ነሽ አይደል? በአንቀጽ ስድስት መሠረት ተሰርዘሻል። አሸናፊው ሁለተኛ የወጣው ነው፣ በሁለት መቶ ሺህ።»

«አንቀጽ ስድስት ሚስት አይልም» አለች ልብስ ሰፊዋ ቆማ።

«የሠራተኛ ሚስት ማለት ያው ሠራተኛ ማለት ነው። የኮሚቴው ትርጉም ነው።»

«የኃላፊ የሚስት ወንድምስ ያው ምን ማለት ነው?»

ከኋላ አንድ ነጋዴ ሳቀና ሳል አስመሰለው። ምክትል ኃላፊው ፊቱ ቀላ። «የሚስት ወንድም የሚል ሰነዱ ላይ የለም» አለ፣ አሁን ሰነዱ ላይ ያለውና የሌለው ትዝ ብሎት።

መዝጋቢው እስክሪብቶውን አነሣ። «ጌታዬ፣ አንቀጹ ትርጉም የሚፈልግ አይመስለኝም። ቃሉ ግልጽ ነው፣ ሠራተኛ ነው የሚለው...»

«አንተ የተባልከውን ጻፍ።»

ጻፈ። ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ጫማቸውን እያዩ ፈረሙ። ጠረጴዛውን መገልበጥ የማያምረው ሰው በዚያ አዳራሽ አልነበረም፤ የገለበጠውም አልነበረም። አንዲት ሴት የስፌት መኪናዋን ሸጣ፣ ባንክና ማኅተም ቤት ስትንከራተት ከርማ፣ በአደባባይ ከሰው በላይ ከፍላ አሸንፋ፣ ንብረቱን ያነሰ ለከፈለው ሰጡት። መሥሪያ ቤቱ አምስት ሺህ ጎደለበት፤ የመሥሪያ ቤቱን ጥቅም የሚጠብቁት ደግሞ እነዚሁ ናቸው።

ሾፌሩ ግቢው ውስጥ፣ ከፒክአፗ ሃያ እርምጃ ርቆ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የሆነውን ነገረችው። ቆሽቷ አርሯል። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ።

«ዝም ትላለህ?»

«ምን ልበል?»

«በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ብትቆጣ ምን ነበረበት?»

ዓይኑን ወደ ፒክአፗ መለሰ። የተሸነፉት ተጫራቾች ማስከበሪያቸው እስኪመለስላቸው ግቢው ውስጥ ተበትነው ይጠብቁ ስለነበር እሷም ከእነሱ ጋር ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ሽቶው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ መጣ። ገባ፣ አስነሣ፣ ጥሩንባ ነፋ። ጥሩንባው ለማንም አያስፈልግም ነበር። ፒክአፗ ወደ በሩ አቀናች። የግቢው መውጫ ወደ መንገዱ የሚወጣ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ገና ከዳገቱ ሥር ስትደርስ ሁለቴ አንገጫገጫትና ጠፋች።

ሽቶው ቁልፉን ጠመዘዘ። ትንፋሽ ብቻ። ደግሞ ጠመዘዘ። መኪና ነጋዴዎቹ ማውራታቸውን አቆሙ። ምክትል ኃላፊው ከቢሮው ወረደ።

«ና፣ አስነሣለት» አለው ሾፌሩን።

«እንዳልጠጋት አዝዘውኛል፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን እንደሆነች ንገረው።»

«ስለ መኪናዋ የማውቀውን ሁሉ ጽፌ አስረክቤያለሁ። ፈርመው ተቀብለውኛል።»

ቁጣ የለበትም፤ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን ከደረጃው ላይ ቀና አለች። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራ ይህን ሰው «እሺ ጌታዬ» ሳይል ሲመልስ ሰምታ አታውቅም።

መዝጋቢው ፋይሉን በክንዱ ይዞ ቆሞ ነበር። «ማስረከቢያው እኔ ጋ አለ። ላንብበው?» አለ።

«ወረቀት መኪና አያስነሣም» አለ ምክትል ኃላፊው።

ሽቶው አንድ የሚያውቀው መካኒክ ጋ ደወለ። መካኒኩ ነዳጅ ይሆናል አለ። አንድ ጀሪካን ነዳጅ ተገዝቶ መጣ፣ ተጨመረ፣ ግማሹ በሽቶው ሱሪ ላይ ፈሰሰ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽታው ተለወጠ። አልተነሣችም። ግፉልኝ አለ። ነጋዴዎቹ ወገባችንን ያመናል አሉ። ሦስት የጉልበት ሠራተኞች ገንዘብ ተስማምተው ገፉ፤ ዳገቱ መካከል ስትደርስ ከበደቻቸውና ወደ ኋላ ይዛቸው ወረደች።

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ከፍታ ሰነዱን አወጣች። ስታነበው ምልክት ያደረገችበት ገጽ ነበር። ተነሥታ ወደ መዝጋቢው ሄደች።

«ልጄ፣ አንቀጽ አሥራ አራትን አንብብልኝ። ጮክ ብለህ።»

መዝጋቢው አወጣው። «አሸናፊው ተጫራች ንብረቱን በጨረታው ዕለት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ከግቢው ካላወጣ አሸናፊነቱ ይሰረዛል። ማስከበሪያው ለመሥሪያ ቤቱ ገቢ ይሆናል። ንብረቱ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በአዲስ ምዝገባ እንደገና ለጨረታ ይቀርባል።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥር ሰዓት ከአርባ።»

ነጋዴዎቹ ሰዓታቸውን አዩ። ሽቶው የሚጎትት መኪና ሊያስመጣ ስልኩ ላይ ጮኸ፤ ባለመኪናው መንገድ ተዘግቶብኛል፣ ደረስኩ፣ ደረስኩ ይላል። ምክትል ኃላፊው አሁን ትሕትና መጣለት። ወደ ሾፌሩ ተጠግቶ ትከሻውን ያዘው።

«ጋሼ፣ እባክህ፣ ስንት ዓመት አብረን ሠርተን... አንድ ቃል ብቻ።»

«ተጽፏል፣ ጌታዬ» አለ ሾፌሩ።

ያቺን ፋይል አሁን እንኳ ልየው ቢል ሁለት ደቂቃ ይበቃው ነበር። ግን አሥራ አራት ሰው እያየ፣ ወረቀት መኪና አያስነሣም ካለ በኋላ፣ እጁን ወደ ወረቀት መዘርጋት ሞት መሰለው። ሰዓቱ ሄደ። አሥራ አንድ ሲሞላ መዝጋቢው ቃለ ጉባኤውን ከፍቶ ቆሞ ጻፈ። የሚጎትተው መኪና ከውጭ ጥሩንባውን ሲነፋ አምስት ደቂቃ አልፎ ነበር።

«ምንድነው የምትጽፈው?» አለ ምክትል ኃላፊው።

«ሰዓቱን ነው።»

«ይኼ ትርጉም ያስፈልገዋል። ኮሚቴው ይሰብሰብና...»

«ቁጥር ነው፣ ጌታዬ። አሥራ አንድ ሰዓት ትርጉም የለውም። የቃለ ጉባኤው ኮፒ ደግሞ በአንቀጽ አሥራ ስድስት ለተጫራቾች ሁሉ ይሰጣል።»

«ለእኔ ሁለት ስጠኝ» አለ ቅድም ሳል ያስመሰለው ነጋዴ።

መዝጋቢው ጽሑፉን ሲጨርስ የማስረከቢያውን ፋይል ከፈተ። ያው የሆነው ከሆነ በኋላ ቢሆንም ያልተነበበ ወረቀት አይሆንለትም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆመና ጮክ ብሎ አነበበው።

«ተራ ቁጥር ሃያ አንድ። ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር፣ በግራ በኩል፣ ነዳጅ የሚዘጋ ማብሪያና ማጥፊያ አለ። ከስምንት ዓመት በፊት ሊሰርቋት ከሞከሩ ወዲህ በራሴ ገንዘብ ያስገባሁት ነው። መኪናዋ ስትቆም ይዘጋል። ሳይከፈት ከተነሣች ብዙ ሳትሄድ ትጠፋለች። ተረካቢው ይህን እንዲያውቅ አሳስባለሁ።»

ከሥሩ ደግሞ የምክትል ኃላፊው ፊርማ፣ ሙሉ ስሙና የትናንቱ ቀን።

ሽቶው ምክትል ኃላፊውን አየው፤ ምክትል ኃላፊው ፊርማውን አየው። ልብስ ሰፊዋ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። የእነሱን ሰነድ እሷ ከዳር እስከ ዳር አንብባለች፤ የባሏን አራት ገጽ ከእነሱ አንድ ሰው አላነበበም። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሰሙትን ሰው በጽሑፍም አልሰሙትም።

«ባለቤትዎ ጡረታ የሚወጡት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቃት መዝጋቢው ማስከበሪያዋን ሲመልስላት። መልሱን ያውቀዋል፤ ምክትል ኃላፊው እንዲሰማ ነው።

«ከአራት ቀን በኋላ።»

«እንግዲህ አዲሱ ምዝገባ ሰኞ ይጀመራል፤ ጨረታው ከዚያ በኋላ ነው። በራሳቸው ስም መመዝገብ ይችላሉ።»

«መታወቂያ፣ ባለ ማኅተም ኮፒ፣ ባንክ የመሰከረለት ቼክ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የመሥሪያ ቤቱ ስም ሳይጎድል» አለ መዝጋቢው፤ ፈገግታ የሚመስል ነገር ፊቱን ነካው።

ባልና ሚስት ዳገቱን ቀስ ብለው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ሾፌሩ ዞር ብሎ ፒክአፗን አያት። ሽቶው በንዴት ሲወርድ መስኮቱን እንደተከፈተ ትቶታል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ጥቁር ደመና ተሰብስቧል።

«ዝናብ ሊገባባት ነው» አለ ሰውየው። ከልቡ ጨነቀው። «ወንበሯን ያጠብኩት በቀደም ነው። ጥበቃውን እንኳ መስኮቷን ዝጋላት ብለው...»

ልብስ ሰፊዋ ክንዱን አጥብቃ ያዘችውና ወደ መንገዱ ጎተተችው።

«ተዋት» አለችው። «ትንሽ ትቆሽሽልን።»